በፊላደልፊያ የተሰነጠቀው ፓርቲ፦ የ1948ቱ የአሜሪካ ምርጫ

ሃሪ ትሩማን መጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ተመርጠው አልነበረም። ሩዝቬልት በኤፕሪል 1945 ሲሞቱ ምክትላቸው ስለነበሩ ወንበሩን ተረከቡ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በ1946 ሪፐብሊካኖች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ። 1948 ሲደርስ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ሳይቀሩ ትሩማን አለቀላቸው ይሉ ነበር።

ያን ጊዜ የዴሞክራት ፓርቲ ሆድና ጀርባ የሆኑ ሰዎች ያሉበት ቤት ነበር። በሰሜን የሠራተኛ ማኅበራት አሉ፤ የደቡብን የጥጥ እርሻ ትተው ቺካጎና ዲትሮይት የገቡ ጥቁሮችም አሉ። በደቡብ ደግሞ ጥቁሮች ወደ ምርጫ ሣጥን እንዳይጠጉ የሚያደርጉት ነጭ ፖለቲከኞች ናቸው። ቺካጎ ላይ የሚመርጠው ሰው፣ ሚሲሲፒ የቀረው ወንድሙ አይመርጥም። ፓርቲው ይህን ለዓመታት አድበስብሶ ኖረ።

ጁላይ 14 ቀን ፊላደልፊያ ላይ ግን ማድበስበሱ አበቃ። የፓርቲው ጉባኤ አዳራሽ በሙቀት ይነዳል። አመራሩ ማንንም የማያስቆጣ፣ ለስለስ ያለ የጥቁሮች መብት አንቀጽ ለፓርቲው መርሐ ግብር አዘጋጅቷል። የ37 ዓመቱ የሚኒያፖሊስ ከንቲባ ሂዩበርት ሃምፍሪ ጠንከር ያለውን አንቀጽ ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። ቸኩላችኋል ለሚሏቸው «172 ዓመት ዘግይተናል» አሉ። ከ1776 የነጻነት አዋጅ ጀምረው መቁጠራቸው ነው። አንቀጹ 651 ተኩል ለ582 ተኩል በሆነ ድምፅ አለፈ። ግማሽ ድምፅ ብቻ ያላቸው ተወካዮች ስለነበሩ ነው ቁጥሩ እንዲህ የሆነው። የሚሲሲፒ ተወካዮች በሙሉ፣ የአላባማም ግማሾቹ አዳራሹን ጥለው ወጡ።

ከሦስት ቀን በኋላ የደቡብ ሰዎች በርሚንግሃም ተሰብስበው የሳውዝ ካሮላይናውን ገዥ ስትሮም ተርመንድን ዕጩ አደረጉ። ዲክሲክራት የተባሉት እነዚህ ናቸው። በግራ በኩል ደግሞ የቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት ሄንሪ ዋላስ የራሳቸውን ፓርቲ ይዘው ወጡ። ትሩማን በዚህ ሁሉ መሃል፣ ጁላይ 26 ቀን፣ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የዘር መድልዎ እንዲቀር አዘዙ። ለእኔ የዘመቻው ትልቁ ሥራ ይኸ ነው።

ከዚያ ባቡር ተሳፈሩ። ወደ 50,000 ኪሎ ሜትር ተጉዘው፣ ትንንሽ ጣቢያ ላይ ሳይቀር እየቆሙ ከኋለኛው ፉርጎ በረንዳ ለሕዝቡ ተናገሩ። የሪፐብሊካኑ ዕጩ፣ የኒውዮርኩ ገዥ ቶማስ ዲዊ፣ እንዳሸነፉ ቆጥረው ጠብ ከሚጭር ንግግር ራቁ። ማን እንደሚያሸንፍ የሚተነብየው ድርጅት ጋሉፕም የሕዝብ አስተያየት መሰብሰቡን ቀደም ብሎ አቆመ።

በምርጫው ማታ፣ ኖቬምበር 2፣ ትሩማን ሚዙሪ ውስጥ አንድ ሆቴል ገብተው ሳንድዊች በሉ፤ አሬራ ጠጥተው በጊዜ ተኙ። «ዲዊ ትሩማንን አሸነፉ» ብሎ ቀድሞ ያተመው የቺካጎ ጋዜጣ በማግሥቱ መሳቂያ ሆነ። ትሩማን 303፣ ዲዊ 189፣ ተርመንድ 39 የወኪል መራጮች ድምፅ አገኙ። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት እነዚህ የየግዛቱ ወኪሎች ናቸው፤ በአንድ ግዛት ያሸነፈ ዕጩ አብዛኛውን ጊዜ የግዛቱን ወኪሎች ድምፅ ጠቅልሎ ይወስዳል። ኦሃዮ፣ ኢሊኖይና ካሊፎርኒያ እያንዳንዳቸው ለትሩማን የሆኑት ከአንድ በመቶ ባነሰ ብልጫ ነው። ያኔ የሰሜን ከተሞች ጥቁር መራጮች ምን ያህል እንደሚመዝኑ ታየ።

ተርመንድ አራት ግዛቶችን አሸነፉ፦ ሳውዝ ካሮላይና፣ አላባማ፣ ሚሲሲፒና ሉዊዚያና። አላባማ ውስጥ የትሩማን ስም ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ እንኳ አልነበረም። በ1964 ተርመንድ ሪፐብሊካን ሆኑ፤ አራቱም ግዛቶች ለሪፐብሊካኑ የፕሬዚዳንት ዕጩ ጎልድዋተር ድምፅ ሰጡ። በዚያው ምርጫ ሃምፍሪ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።