«ነርቭ ነው፣ ቪታሚን ይወጋ»

ሰሞኑን ደግሞ ሰማኋት። «ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ተሻለው፣ ከዚያ እግሩ ዛለ። ነርቭ ነው ሲሉን ቪታሚን አስወጋነው።» ከዚያስ? «ከዚያማ ባሰበት።»

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሥራዬ ተኝቶ የከረመ ሰው እንዲቀመጥ፣ የተቀመጠው እንዲቆም ማድረግ ነው። እኔ ጋ የሚደርሱት ዋናው ጣጣ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ታሪኩን ከአስታማሚ አፍ ከነኮተቱ እሰማዋለሁ። አንዱ ከሌላው ብዙም አይለይም። የሚለየው መርፌው ስንት ቀን እንደተወጋ ነው።

የማወራው ጊላን ባሬ ስለሚባል በሽታ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 ጊላን፣ ባሬና ስትሮል የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪሞች በሁለት ወታደሮች ላይ አይተው ጻፉት (ስትሮል ምስኪኑ፣ የሱ ስም በሽታው መጠሪያ ውስጥ ሳይገባ ቀረ)። ሰውየውን ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ተቅማጥ ይይዘዋል። ይሻለዋል። ሰውነቱ ለዚያ ተውሳክ ያሰለፈው መከላከያ ግን የራሱን ነርቭ ከተውሳኩ ጋር ያምታታና ይመታዋል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የነርቩ ልባስ ነው፤ የመብራት ገመድ ላስቲኩ ሲላጥ አስቡት። አንጎል ያዛል፣ ትእዛዙ ጡንቻው ጋ አይደርስም። በዓመት ከ100,000 ሰው አንድ ወይም ሁለት ይይዛል። ብርቅ ነው። ሲመጣ ግን በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ነው የሚሮጠው።

«ጉንፋኑ እኮ ለቆት ነበር፣ ምን አገናኘው?» ያገናኘዋል። ከታማሚዎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከዚያ በፊት በነበሩት ስድስት ሳምንታት ውስጥ ወይ ጉንፋን ነገር ወይ ተቅማጥ ይዟቸው ነበር። ሐኪሙ «ሰሞኑን አሞህ ነበር?» ሲል «ኧረ ደህና ነበርኩ» አትበሉ።

«ይተላለፋል።» አይተላለፍም። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አጫውቱት።

«ክትባቱ ነው ያመጣው።» በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 አሜሪካ ውስጥ ለአሳማ ጉንፋን የተሰጠው ክትባት ከ100,000 ተከታቢ አንድ ሰው ገደማ ላይ አምጥቷል፣ እውነት ነው። ዛሬ በሚሰጠው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግን ጭማሪው ካለም ከሚሊዮን አንድ ሁለት ነው፤ ኢንፍሉዌንዛው ራሱ ከዚያ በላይ ያመጣል።

«ፖሊዮ ነው።» ልጅ ከሆነ መጠርጠሩ ክፋት የለውም። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እጅ እግሩ በድንገት ሲዝል ሰገራው ሁለት ጊዜ ተወስዶ ይመረመራል። ባለሙያው ሰገራ ሲጠይቃችሁ «እግሩን ነው ያመመው እንጂ ሆዱን አይደለም» ብላችሁ አትቆጡ። ተቆጥተውብን ያውቃሉ።

«ፊቱን ብርድ መታው፣ ምች ነው።» ይሄ ሌላ በሽታ ነው፣ ቤልስ ፓልሲ ይባላል፤ ግን ሁሌ አብሮ ስለሚነሳ ልናገር። ግማሽ ፊት ይንጠለጠላል፣ አንዱ ዓይን አልከደን ይላል፣ ውኃ በከንፈር ጥግ ይፈሳል። የታክሲ መስኮቱ ጥፋት የለበትም። የፊት ነርቭ ጆሮ አካባቢ ባለች ጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ ሲያብጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረውም ከንፈር ላይ ውኃ የሚቋጥረው ሄርፒስ ነው። ቅንድቡን ወደ ላይ እንዲያነሳ ንገሩት። ግንባሩ እንደ ወትሮው ተሸብሽቦ አፉ ብቻ ከተጣመመ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ለማንኛውም የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ምክንያቱም ለፊቱ የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚባለው እብጠት ቀናሽ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው። ማታ ዓይኑን ከድናችሁ በፕላስተር ያዙለት። ዳማከሴውንም ዓይኑ ውስጥ አትጭመቁበት፣ በእግዜር።

አሁን ወደ ቀይዋ መርፌ።

እኛ አገር «ነርቭ» የማይሆነው ነገር የለም። ጅማትም ነርቭ ነው፣ ደም ስርም ነርቭ ነው፣ ብስጭትም ነርቭ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ አንድ ነው፤ ቪታሚን ቢ። ቪታሚን ቢ12 ሲያንስ ነርቭ ይጎዳል፣ አልካድኩም። ግን እሱ በወራት ቀስ እያለ የሚመጣ ነገር ነው። ሰኞ ደረጃ ሲወጣ የነበረ ሰው ሐሙስ ከወንበር መነሳት ካቃተው ቪታሚን ቢ በሦስት ቀን አልቆበት አይደለም!

አንድ የሚኒባስ ረዳት ነበር፣ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ። ጉንፋን ያዘው፣ በሳምንቱ ተሻለውና ሥራ ገባ። መጀመሪያ የታወቀው በነጠላ ጫማው ነው። ማታ ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ አገኘው፤ ጫማው በር ላይ ወልቆ ቀርቷል፣ እሱ አልተሰማውም። በማግስቱ ታክሲው ላይ ዘሎ መውጣት አቃተው። ሰፈር ውስጥ «ነርቭ ነው» ተባለ። ሦስት ቀን ቀይዋን ተወጋ፣ ማታ ማታ ወጌሻ አሸው። በአራተኛው ቀን ሻይ ሲጠጣ በአፍንጫው ተመለሰ። ያኔ ነው በሰው ጀርባ ሆስፒታል የገባው። መርፌው ራሱ ምንም አላደረገውም፤ ሦስት ቀን ግን በላበት። ከዚያ 23 ቀን በማሽን ተነፈሰ።

በሽታው በአብዛኛው ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ መውጫው ላይ ደግሞ የመተንፈሻ ጡንቻ አለ። ከአራት ታማሚ አንዱ ገደማ ማሽን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሁለቱም እግር በቀናት ውስጥ እየዛለ ከሄደ፣ መዳፍና ውስጥ እግር ከደነዘዘ፣ ወገብ ካመመ፣ ሌላ ነገር ሳትሞክሩ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ «ጽኑ ሕሙማን ክፍልና መተንፈሻ ማሽን አላችሁ?» በሉ። መንገድ ላይ ደህና አየር ይሳብና በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብሎ ይቁጠር። ጤነኛ ጎልማሳ 30ን ይሻገራል። 20 ካልደረሰ፣ ወይ ጠዋት 28 የቆጠረው ማታ 15 ላይ ከቆመ፣ ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትነግሩት እሱን ነው። በኮሮና ጊዜ የገዛችኋት ጣት ላይ የምትሰካዋ መሣሪያ 96 ብትል አትዘናጉ፤ ኦክስጅን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ጥሩ ቆጠረ ብላችሁም ቤት አታስቀምጡት።

ሕክምናው ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የተጣራ የመከላከያ ፕሮቲን) ነው፣ ብዙ ጊዜ ለአምስት ቀን በደም ስር ይሰጣል፤ ካልሆነ ፕላዝማ፣ ማለትም የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ መቀየር። ሁለቱም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው የሚሻሉት። ዋጋው አይቀመስም፣ እንደ ልብም አይገኝም፣ ይሄን እኔም አውቃለሁ። ስቴሮይዱ ግን ለተጣመመው ፊት እንጂ ለዚህ አይሠራም፣ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትጀምሩለት።

«አይድንም» ለሚሉ ደግሞ፦ ከአምስቱ አራቱ በስድስት ወር ውስጥ ያለ ደጋፊ ይራመዳሉ። ጥሩ ሕክምና እያገኙም የሚሞቱ አሉ፣ አልደብቅም። የነርቩ ውስጠኛው ክር ከተቆረጠ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ ከወገብ እስከ አውራ ጣት ያለውን እናንተው አስሉት።

ልጁ እኔ ጋ ሲመጣ ሳይደገፍ መቀመጥ አይችልም ነበር። በስምንተኛው ወር ታክሲው ላይ ተመለሰ፣ አሁን ባለ ማሰሪያ ጫማ ነው የሚያደርገው። የመጨረሻው ቀን እናቱ በር ላይ ያዙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እንዲያው ለማጠናከሪያ ያቺን ቀይዋን ላስወጋው እንዴ?» አሉኝ።