ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ

ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ሰው ለዕድር፣ ለደቦ ወይም ለመዋጮ በተሰበሰበ ቁጥር ይነሳል። አንዱን የሚያጎብጠው ሥራ ለብዙዎች ሲዳረስ ይቀላል ማለት ነው። እኔን የሚደንቀኝ ግን «ጌጡ» የምትለዋ ቃል ናት። ሃምሳ ሎሚ በስልቻ የተሸከመ ሰው ትከሻው ይዝላል፤ አንዲት ሎሚ የጨበጠ ግን ቆዳዋን በጥፍሩ ጫር እያደረገ መዓዛዋን እየሳበ ይሄዳል። በጥምቀት ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ የሚወረውራትም ይህችው ሎሚ ናት። አነጋገሩ ከዚህ ወግ የተቀዳ ይመስለኛል። በሎሚው ፋንታ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ሸክሙ ይቀልል ነበር፤ ጌጥ ግን አይሆንም።

ደግሞም ሎሚው አይቆረጥም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ሎሚ ይደርሰዋል። ይህ ነገር የታላላቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ፍለጋ ያስታውሰኛል።

ብቸኛ ቁጥር ከ1 እና ከራሱ በቀር በምንም ያለ ቀሪ አይካፈልም። ሃምሳ ሎሚ ለአምስት ወይም ለአሥር ሰው እኩል ይዳረሳል። 31 ሎሚ ግን ወይ የአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ወይ የ31 ሰው ጌጥ፤ መካከለኛ የለውም።

31 የሚገኘው አምስት 2ቶችን አባዝተን 1 ስንቀንስ ነው። እንዲህ ያሉት ቁጥሮች በፈረንሳዊው መነኩሴ በሜርሴን ስም ይጠራሉ። የሚፈተኑበት መንገድ በጣም ያምራል። ከ4 እንነሳለን፤ በራሱ አባዝተን 2 እንቀንሳለን፣ 14። 14ን በራሱ አባዝተን 2 ስንቀንስ 194 ይሆናል፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8 ነው። ከ8 ደግሞ 62 ይወጣል፤ ቀሪው ዜሮ። በሦስተኛው እርምጃ ዜሮ ስለመጣ 31 ብቸኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1876 ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉካስ 127 2ቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘውን ባለ 39 አሃዝ ቁጥር ብቸኛነት ያለ ኮምፒውተር አረጋገጠ። የሚበልጠው እስከ 1951 አልተገኘም። ያ በእርግጥም የአንድ ሰው ሸክም ነበር።

በ1996 ጆርጅ ዎልትማን በኢንተርኔት የሚካሄድ የበጎ ፈቃደኞች ፍለጋ ጀመረ። በፈተናው እያንዳንዱ እርምጃ የቀደመውን ውጤት ስለሚጠብቅ፣ የአንዱን ቁጥር እርምጃዎች ለብዙ ሰው በትኖ በአንድ ጊዜ ማስላት አይቻልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ሙሉ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ልክ እንደ ሎሚው። በጥቅምት 2024 ሉክ ዱራንት በዚሁ ፍለጋ 136,279,841 2ቶችን አባዝቶ 1 በመቀነስ የሚገኘውን ብቸኛ ቁጥር አገኘ። 41,024,320 አሃዝ አለው፤ ከታወቁት የሜርሴን ብቸኛ ቁጥሮችም 52ኛው ሆነ።

ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ የደረሳቸው ቁጥር ተካፋይ ሆኖ ይወጣል። ያም ውጤት ይመዘገባል፤ ቀጣዩ ፈላጊ ወደሌላ ቁጥር የሚሄደው እሱን አይቶ ነው።