የሮሌክስ ወረፋ የሚባል ነገር የለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ ከደብረ ሲና ደወለልኝ። ልጁ ዱባይ ነው የሚሠራው፤ ሮሌክስ የሚባለውን ውድ የስዊዘርላንድ ሰዓት መግዛት ይፈልጋል። «እባክህ ወንድሜ፣ ልጄ ለሮሌክስ ተመዝግቧል። ወረፋው ስንተኛ ላይ እንደደረሰ በምን ይታወቃል?» አለኝ። ስልኩን ይዤ ትንሽ ዝም አልኩ። ይህን ጥያቄ በዚህ ዓመት ስንቴ እንደሰማሁት አላስታውስም።

ደብረ ብርሃን ላይ ሰዓት ስሠራ 23 ዓመት ሆነኝ። ሱቄ ጠባብ ናት፤ ግን ያልገባባት የሰዓት ዓይነት የለም። አያት ለልጅ ልጅ ያወረሱት ሲኮ ይመጣል። ከአሜሪካ የተላከ ኦሜጋ ይመጣል። ከዓረብ አገር የመጣ «ሮሌክስ» ደግሞ በሽ ነው። አብዛኛውን ጀርባውን ስከፍተው ውስጡ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሰው ውድ ሰዓት ሲያስብ እኔን ይጠይቃል። መጠየቁ ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ አንድ የተሳሳተ እምነት የስንቱን ቤተሰብ ገንዘብ እንዳስበላ ማየቴ ነው። እሱም ይኸው ወረፋ የሚሉት ነገር ነው።

«ተመዝገብ፣ ተራህን ጠብቅ፣ ይደርስሃል።»

አይደርስም። ቢያንስ በዚህ መንገድ አይደርስም።

እኛ ወረፋን እናውቃለን። ለቀበሌ ዘይትና ስኳር ተሰልፈናል። ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበን፣ በየወሩ ቆጥበን፣ ዕጣ ስንጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ «ዌይቲንግ ሊስት» ሲባል ወዲያው የሚታየን ቁጥር ነው። 347ኛ ከሆንኩ ከፊቴ 346 ሰው አለ፤ እነሱ ሲያልቁ እኔ እገባለሁ። ለስኳር ይሠራል። ሰብማሪነር ለሚባለው የሮሌክስ ሞዴል ግን አይሠራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮሌክስ አዲስ ሰዓት በኢንተርኔት አይሸጥም። የሚሸጠው በሕጋዊ ወኪሎቹ ሱቅ ነው። ወኪሉም የፈለገውን ሞዴል በፈለገው ብዛት አያዝም። ኩባንያው የመደበለትን ይቀበላል። ሰዓቱ ሲገባ ሻጩ መዝገብ ከላይ ወደ ታች አያነብም። «ይህን ለማን ልስጥ?» ብሎ ያስባል። የሚያስበው ደግሞ ስለሚያውቀው ሰው ነው። ከእሱ ጋር ስለቆየ፣ እዚያው ከተማ ስለሚኖር፣ ሰዓቱን እጁ ላይ ስለሚያስር፣ በማግሥቱም ለነጋዴ ስለማይሸጥ ሰው።

ይህ እንዲገባችሁ ስዊዘርላንድ መሄድ አያስፈልጋችሁም። የመንዝዋ መሐል ሜዳ ከተማ ትበቃለች። ለፋሲካ ጥሩ ሙክት የምትፈልጉ ከሆነ፣ የመንዝ በግ አርቢ ምርጡን በግ ገበያ አውጥቶ አያቆመውም። በየዓመቱ ከእሱ ለሚገዛ ሰው አስቀድሞ ይደውላል። እናንተ ሌሊት ተነሥታችሁ ገበያው ላይ አንደኛ ብትደርሱም ያንን ሙክት አታዩትም። ቀድሞ መምጣት አልረዳችሁም። አርቢው አያውቃችሁማ! በርኖስ የሚሠራውም ሰው እንደዚያው ነው። አማርኛችን ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፤ ደንበኛ። ደንበኛ ማለት አንድ ቀን የገዛ ሰው ብቻ አይደለም። ተመላልሶ የታወቀ ሰው ነው።

የወኪሉ «ሊስት» የፍላጎት ማስታወሻ ነው። ስም፣ ስልክ፣ የፈለጋችሁት ሞዴል ይጻፍበታል። ስንተኛ እንደሆናችሁ የሚናገር ቁጥር የለውም። የሚደርስበት ቀን የለውም። ዛሬ የገባ ሰው ሁለት ዓመት የጠበቀውን ሊቀድመው ይችላል። ፍትሐዊ ነው ወይ ብትሉኝ አይደለም እላለሁ። በተለይ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ያከፋል። ግን አሠራሩ ይህ ነው፤ ይህንን ሳያውቁ ገንዘብ ማውጣት ነው አደጋው።

አደጋውን በዓይኔ አይቻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሸዋ ሮቢት ወጣት ሱቄ መጣ። ስድስት ወንድማማቾች ናቸው። ለአባታቸው ጂ.ኤም.ቲ. ማስተር ሊገዙ አስበው ነበር። ይህ የሮሌክስ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለአውሮፕላን አብራሪዎች ተብሎ የወጣ ነው፤ የሁለተኛ አገር ሰዓት የሚያሳይ ተጨማሪ ቆጣሪ አለው። «አባባ እኛ ያለንበትን አገር ሰዓት እያየ ይደውልልን ብለን ነው» አለኝ። ሐሳቡ አንጀት ይበላል። አንድ ደላላ «ዱባይ 40ኛ ተራ ላይ ነኝ፤ ላዛውርላችሁ» ብሎ 180 ሺህ ብር ተቀበላቸው። ማኅተም ያለበት ደረሰኝም ሰጣቸው። ወረቀቱን ሳየው «የተራ ቁጥር» የሚል ሳጥን አለበት። ያኔ ሁሉም ገባኝ። የሌለ ነገር ነው የተሸጠላቸው። ብሩ አልተመለሰም። አባትየው እስከ ዛሬ አልሰሙም፤ ልጆቹ ደብቀዋቸዋል።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ተራ የሚሸጥ ሰው ካያችሁ ሽሹ። ብዙ ወኪሎች ለእነዚህ ሞዴሎች ቀብድ አይቀበሉም። የሚቀበል ቢኖር እንኳ በራሱ ሱቅ፣ በራሱ ሒሳብ፣ በእናንተ ስም ነው የሚቀበለው። በዋትስአፕ ቁጥር ተልኮላችሁ በደላላ ሒሳብ የሚገባ ቀብድ የለም። ሻጩ ወኪል ይሁን አይሁን ደግሞ በአንድ ደቂቃ ይጣራል። ሮሌክስ በድረ ገጹ ላይ የወኪሎቹን ሁሉ ስምና አድራሻ አውጥቷል። ዱባይ ላይ ለምሳሌ አህመድ ሲዲቂ የታወቀ ወኪል ነው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ወኪል አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ የምሰማው «ሐበሻ ስለሆንኩ ናቁኝ» የሚል ነው። «መስኮቱ ላይ ተደርድሮ እያየሁት አልሸጥም አሉኝ» ይላሉ። ልቤ ይነካል፤ ምክንያቱም ንቀት የገጠመው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ግን መስኮቱ ላይ ያለው ሰዓት ብዙ ጊዜ ለማሳያ የተቀመጠ ነው። ትንሽ ጽሑፍ አጠገቡ አለች፤ ለማሳያ ብቻ እንደሆነ ትናገራለች። ፈረንጁም፣ ዓረቡም ያንኑ መልስ ነው የሚሰማው። ሞክሩት፣ እጃችሁ ላይ ለኩት፣ መጠኑን እወቁ። ለዚያ ነው የተቀመጠው።

«ሁሉም ሮሌክስ ይጠበቃል» የሚለውም ስሕተት ነው። ዴይቶና የሚባለው ሞዴል፣ የብረቱ፣ በጣም ይፈለጋል። ዴትጀስት የሚባለው ግን ብዙ ዓይነት ስላለው አንዳንዱ በአጭር ጊዜ ይገኛል።

«ሆን ብለው ነው የሚያሳጥሩት» ለሚሉኝ፦ ኩባንያው እጥረቱ ስልት እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ2021 በይፋ ተናግሯል። ቡል በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማም እ.ኤ.አ. በ2029 ሥራ ይጀምራል የተባለ አዲስ ፋብሪካ እየገነባ ነው። እኔ የማየው ምክንያት ቀላል ነው። የወኪል ዋጋ ከወኪል ውጭ ካለው ገበያ ዋጋ ሲያንስ፣ ሰዓት የማያስረው ነጋዴ ሁሉ ፈላጊ ሆኖ ይመዘገባል። ያን ጊዜ የሚጠብቀው ሰው ከእውነተኛው ፈላጊ ይበዛል። ሻጩም «አንተ ትሸጠዋለህ ወይስ ታስረዋለህ?» እያለ የሚመረምረው ለዚህ ነው። ሰዓቱ መለያ ቁጥር አለው። ለማን እንደተሸጠ ሱቁ ያውቃል። በሳምንቱ ገበያ ላይ ከተገኘ ያ ሰው ሁለተኛ አይደወልለትም።

«ወኪል ያልሆነ ሰው የሚሸጠው ሁሉ ፌክ ነው።» ሁልጊዜ አይደለም። ግራጫ ገበያ የሚባል አለ። ዕቃው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ ግን ከኩባንያው ጋር ውል የለውም። ለተፈላጊ ሞዴል ከወኪል ዋጋ በላይ ያስከፍላል። መጠበቅ ለማይችል ሰው መንገድ ነው፤ ግን ሻጩን በደንብ ማወቅ ይጠይቃል። የሮሌክስ ዋስትና 5 ዓመት ነው። የሚቆጠረውም ወኪሉ ከሸጠበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ካርዱ ላይ ያለውን ቀን እዩ። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ሮሌክስ ያገለገሉ ሰዓቶችን ራሱ እያረጋገጠ በተመረጡ ወኪሎች በኩል መሸጥ ጀምሯል። የ2 ዓመት ዋስትና ይሰጣል። ዋጋው ረከስ አይልም፤ እንቅልፍ ግን ይሰጣል።

«ሳጥንና ካርድ ካለው ኦሪጅናል ነው።» ሳጥኑም ካርዱም ይኮረጃል።

«ሰከንድ ቆጣሪዋ ከተንሸራተተች እውነተኛ ነው።» ይህቺ በሙያዬ የምትመጣ ስለሆነች ዝም ብዬ አላልፋትም። መንሸራተት የሮሌክስ ምልክት አይደለም። የአውቶማቲክ፣ ማለትም ያለ ባትሪ የሚሠራ ሰዓት ጠባይ ነው። የዛሬው አብዛኛው ሮሌክስ በሰዓት 28,800 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 8 ጊዜ ይመታል። በጥቂት ዶላር የሚሸጥ የቻይና ማሽንም በሰከንድ 6 ወይም 8 ጊዜ ይመታል። የአባታችሁ ሲኮ ፋይቭም ትንሸራተታለች። ይባስ ብሎ ሮሌክስ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ ኦይስተርኳርትዝ የሚባል የባትሪ ሰዓት ሠርቷል። የእሱ ሰከንድ ቆጣሪ ጠቅ ጠቅ እያለ ነው የሚሄደው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰዓት ከአሜሪካ መጣልኝ። ባለቤቱ «ፌክ ነው አሉኝ» ብሎ በርካሽ ሊሸጠው ነበር። ከፍቼ አሳየሁት። እጁ ተንቀጠቀጠ።

«ስዊስ ሜድ» የሚለውም ጽሑፍ ሁሉ ነገር ስዊዘርላንድ ውስጥ ተሠራ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሕጉ የሚጠይቀው ከማምረቻ ወጪው ቢያንስ 60 በመቶው እዚያ እንዲወጣ ነው። ፌኩ ደግሞ ምንም ሳይጠየቅ ይጽፈዋል።

«ሰዓት ከመሬት ይሻላል፣ ዋጋው አይወርድም» የሚለኝን ሰው አጥብቄ እቃወመዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ከወኪል ውጭ ያለው ገበያ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። በዚያው ዓመት ወረደ። ዋጋው ጫፍ ላይ ሳለ የገዙ ብዙዎች ከስረዋል። ሰው የሚጠቅሰው የጨረታ ዜና ነው። የተዋናዩ የፖል ኒውማን ዴይቶና እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ዮርክ ላይ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። በዚያው ዓመት የጃንሆይ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ከ2 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ አወጣ። ልክ ነው። ግን እዚያ የተሸጠው የባለቤቱም ታሪክ ነው። የእናንተንና የእኔን ሰዓት እንዲህ የሚገዛ የለም። ብድር ወስዳችሁ ሰዓት አትግዙ። ለልጅ ትምህርት የተቀመጠ ገንዘብ አትንኩ።

አንድ ግማሽ እውነት የሆነ ነገርም አለ። «ጌጣጌጥ ካልገዛህ አይሰጡህም» ይባላል። አንዳንድ ወኪሎች ብዙ የገዛባቸውን ሰው ያስቀድማሉ፤ ይህን አልክድም። ግን የማትፈልጉትን የአንገት ሐብል ገዝታችሁ ሰዓቱ ባይመጣስ? ሐብሉን ምን ታደርጉታላችሁ? እውነት የምትፈልጉት ነገር ካለ ከዚያው ሱቅ ግዙ። ካልፈለጋችሁ ተዉት።

ታዲያ ምን ይሻላል? የእህቴ ልጅ ያደረገውን ልንገራችሁ። ዱባይ ነው ያለው። መጀመሪያ ያለኝ «አጎቴ፣ አምስት ሱቅ እመዘገባለሁ» ነበር። ተው አልኩት። አንድ ወኪል መረጠ። በአካል ሄደ። የአንድ የሽያጭ ሠራተኛ ስም ጠይቆ ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ያነጋገረው እሱን ብቻ ነው። ለምን እንደሚፈልግ በግልጽ ነገረው፤ ሥራ የጀመረበትን 10ኛ ዓመት ሊያስብበት ነበር። እጁ ላይ ያለውን አሮጌ ሲኮ ከአባቱ እንደወረሰው፣ እኔም ሁለት ጊዜ እንዳደስኩለት አጫወተው። ሻጩ ሰዓቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ሰዓት የሚወድ ሰው ሰዓት ከሚወድ ሰው ጋር ቶሎ ይግባባል።

ሞዴሉንም አሰፋ። ዴይቶና ብቻ ብሎ አልደረቀም። «ኤክስፕሎረር ቢገኝም ደስ ይለኛል» አለ። በየሁለት ወሩ ጎራ እያለ ሰላም ይላል፤ አይጨቀጭቅም። በ14ኛው ወር ስለ ኤክስፕሎረሩ ተደወለለት። የከፈለው ድረ ገጹ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ነው። ሳንቲም አልጨመረም። ለገና ሲመጣ እጁ ላይ አየሁት፤ ደስታዬ ከእሱ በለጠ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስልካችሁን ክፍት አድርጉ። ሲደወል የሚሰጣችሁ ጊዜ ጥቂት ቀን ነው። ሌላው የማውቀው ልጅ የምንጃር ነው። ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ኢራንቡቲ መጥቶ የዱባይ ሲሙን አውጥቶ አስቀመጠው። በዚያው ሳምንት ተደውሎለታል። ሲመለስ ሰዓቱ ለሌላ ሰው ሄዷል። «ተራዬን ዘለሉኝ» ብሎ በንዴት ደወለልኝ። ተራ እንዳልነበረ አስረዳሁት። ወደ ሱቁ ተመልሶ ሻጩን በሰላም አነጋገረው፤ ስሙንም እንደገና አጻፈ። አሁን ያስመዘገበው ሁለት ስልክ ነው፤ የራሱንና የእህቱን።