«ዝም ካሉ ተስማምተዋል» እና ሌሎች የኃላፊዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ለአዳዲስ የሥራ ኃላፊዎች ሥልጠና መስጠት ከጀመርሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። በእያንዳንዱ ዙር ከሚነሡት አስተያየቶች መካከል ግን አንዱን መስማት ከልብ ሰልችቶኛል፦ «የእኔ ቡድን ችግር የለበትም፤ ጥያቄ ካላችሁ ስላቸው ማንም እጁን አያወጣም፤ ቢሮዬም ለሁሉም ክፍት ነው።» ወደዚህ ከመሄዴ በፊት በአጭሩ የሚመለሱትን ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች ላስቀድም።

«ሰው ከተጨመረ ሥራው ይፈጥናል» የሚለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ማክስ ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ የጎታቾቹ ቁጥር በጨመረ መጠን እያንዳንዱ ሰው በአማካይ የሚያወጣው ጉልበት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከፊሉ ጉልበት የሚባክነው ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይስቡ ሲሆን፣ ከፊሉ ደግሞ አንዱ በሌላው ስለሚመካ መሆኑን ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። በዚያ ላይ 5 አባላት ባሉት ቡድን ውስጥ ሰው ከሰው የሚገናኝባቸው መስመሮች 10 ሲሆኑ፣ አባላቱ 12 ሲደርሱ መስመሮቹ 66 ይሆናሉ፤ ተጨማሪ ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት ያሉት ሰዎች የሥራ ድርሻ ተለይቶ እንደሆነ ተመልከቱ።

«ክርክር የበዛበት ቡድን ሊፈርስ ነው» የሚሉም አሉ። ብሩስ ተክማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 እንደጻፈው፣ ቡድኖች ከትውውቅ ተነሥተው በቅጡ ወደ መሥራት እስኪደርሱ ድረስ በግጭት ምዕራፍ ያልፋሉ፤ የሚያሰጋው ክርክሩ ከሥራው ወጥቶ ወደ ሰውየው ሲዞር ነው።

ሽርሽር ቡድንን ይገነባል የሚለውን በተመለከተ፣ ሽርሽሩ ደስ ይላል፤ ሰኞ ጠዋት ማን ምን እንደሚሠራ ካልታወቀ ግን ያው ቡድን ያው ነው።

«አስተያየት መስጠት ምንጊዜም ሠራተኛን ያሻሽላል» የሚለው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ሥራ፣ ከአንድ ሦስተኛ በሚበልጡት ጊዜያት አስተያየቱ አፈጻጸምን ዝቅ እንዳደረገ አግኝተዋል። ሰውየው ስለ ሥራው ማሰቡን ትቶ ስለ ራሱ ክብር ማሰብ ሲጀምር ሥራው ይጎዳል። ስለዚህ «ቸልተኛ ነህ» ከማለት «የሦስተኛው ሰንጠረዥ ድምር አይገጥምም፤ እስቲ አብረን እንየው» ማለት ይሻላል።

አሁን ወደ ዝምታው እንመለስ። ዝምታን እንደ ስምምነት የሚቆጥር ኃላፊ፣ ሠራተኛው ከመናገሩ በፊት በልቡ የሚያወጣውንና የሚያወርደውን ሒሳብ ዘንግቷል። ቢናገር ጥቅሙ ለሁሉም ነው፤ ጉዳቱ ግን ለእርሱ ብቻ ነው። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች የሥራ ቡድኖች ተመራማሪ የሆስፒታል ቡድኖችን የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት ስታጠና፣ የተሻሉት ቡድኖች ጥቂት ስሕተት ይመዘገብባቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ያገኘችው ግን ተቃራኒውን ሆነ። ጥሩ አመራር ባለባቸው ክፍሎች የተመዘገበው ስሕተት በዝቶ ተገኘ። ማብራሪያዋ፣ እነዚህ ሰዎች የበለጠ ስለተሳሳቱ ሳይሆን ስሕተታቸውን ለመናገር ስላልፈሩ ነው የሚል ነበር። እንግዲህ ምንም ችግር የማይነገርበት ቡድን ሲያጋጥማችሁ ቀድማችሁ አትደሰቱ።

ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማየት የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ ተነሪፌ ደሴት የደረሰውን የሁለት አውሮፕላኖች ግጭት ያስታውስ። በጭጋግ ውስጥ ለመነሣት መንደርደር በጀመረው አውሮፕላን ውስጥ የነበረው የበረራ መሐንዲስ፣ ሌላው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው አልወጣ እንደሆነ ጠይቆ ነበር። በአየር መንገዱ እጅግ ከሚከበሩት አብራሪዎች አንዱ የነበረው ካፒቴን መውጣቱን በእርግጠኝነት መለሰለት፤ መሐንዲሱም ደግሞ አልጠየቀም። 583 ሰዎች ሞቱ። የአደጋው መንሥኤዎች ብዙ ቢሆኑም፣ ከዚያ ወዲህ አየር መንገዶች የበታቾች ደፍረው እንዲናገሩና ካፒቴኖችም እንዲያዳምጡ በሥልጠና ማስተማር ጀምረዋል።

እኔም በዚህ ስሕተት ውስጥ አልፌያለሁ። የመጋዘን መዝገባችንን ወደ አዲስ ቅጽ ለመቀየር ስንዘጋጅ አርባ ደቂቃ ያህል አብራራሁና «ጥያቄ አለ?» አልሁ። ሁሉም ወደ ማስታወሻ ደብተራቸው አቀረቀሩ። አንዲት ወጣት የንብረት ክፍል ሠራተኛ የእስክሪብቶዋን ክዳን እየከፈተች ስትዘጋ ቆየችና፣ ቀና ብላ አይታኝ ተመልሳ አቀረቀረች። በቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተብሎ ተጻፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር አልገጥም አለ፤ አዲሱ ቅጽ ለተመላሽ ዕቃ ቦታ አልነበረውም። ደብተሯን ከፍታ ስታሳየኝ በስብሰባው ቀን «ተመላሽ ዕቃ የት ይመዘገባል?» ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ለምን እንዳልነገረችኝ ብጠይቃት «እርስዎ ወስነው የመጡ መሰለኝ» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ወስኜ ነበር የመጣሁት።

ከዚያ ወዲህ «ጥያቄ አለ?» ማለትን ትቻለሁ፤ ለሌሎችም የምመክረው ይህንኑ ነው። በምትኩ «ይህ ዕቅድ የሚሰናከለው የት ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄው እንከን መኖሩን አስቀድሞ ስለሚቀበል፣ የሚመልሰው ሰው አለቃውን የተቃወመ አይመስለውም። ውይይቱ ሳይጀመር ሁሉም ለአምስት ደቂቃ ሐሳባቸውን በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ከዚያ በአገልግሎት ዘመን ትንሹ ከሆነው ሠራተኛ ጀምራችሁ በተራ አናግሩ፤ የእናንተ አስተያየት የመጨረሻው ይሁን፤ አለቃ ቀድሞ ከተናገረ በኋላ የሚቀረው ማጽደቅ ብቻ ነውና። የቢሮ በር ክፍት መሆኑም ብቻውን አይበቃም፤ ደረጃውን መውጣት ያለበት የሚፈራው ሰው ስለሆነ፣ ወደ ሥራ ቦታው ወርዳችሁ ጠይቁት።

ከሁሉ በላይ ግን መጥፎ ዜና ይዞ የመጣውን የመጀመሪያውን ሰው እንዴት እንደምትቀበሉት ተጠንቀቁ። ግንባራችሁን ብትቋጥሩ ወይም «ይህን አሁን ነው የምትነግረኝ?» ብትሉት፣ ወሬው በዚያው ቀን ለሁሉም ይደርሳል፤ ሁለተኛ ሰውም አይመጣም። አመስግኑት፤ ምን እንደምታደርጉና መቼ መልስ እንደምትሰጡት ቀን ቆርጣችሁ ንገሩት። ሐሳቡን ካልተቀበላችሁትም ያልተቀበላችሁበትን ምክንያት በቆረጣችሁት ቀን፣ ባልደረቦቹ በተሰበሰቡበት አስረዱት።