«ለጌሾ ወቀጣ ማንም ሰው አልመጣ፤ ለመጠጡ ጊዜ ከየጎሬው ወጣ»

ይህን አነጋገር የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሆድ ብሶታል። ጠላው ተቀድቷል፣ ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቋል፤ ባለቤቲቱ ግን ብቻዋን ሙቀጫ ሥር የዋለችበትን ቀን አልረሳችም። አነጋገሩ ከሴት አፍ የወጣ ይመስለኛል። ዘነዘናውን የምታነሳው እሷ ናትና።

ትርጉሙ አያሻማም፤ ለድካሙ ጊዜ የጠፋ ሰው ለጥቅሙ ጊዜ ሲሽቀዳደም ይነገርበታል። የሰፈሩን ቦይ ሦስት ሰዎች ቆፍረው ሲያበቁ የምረቃው ዕለት መቶ ሰው ከተሰለፈ፣ ከሦስቱ አንዱ ይህን ማለቱ አይቀርም። ንክሻው ያለው «ጎሬ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ጎሬ የአውሬ መኖሪያ ነው። እንግዶቹ ከየቤታቸው መጡ አልተባለም፤ ሽታ የሳበው ጅብ እንደሚወጣ ወጡ ተባለ እንጂ።

ግን ለምን ጌሾ? ጠላ ብዙ ሥራ አለው፤ ብቅል ይበቅላል፣ ቂጣ ይጋገራል፣ አሻሮ ይቆላል፣ ጋኑ በወይራ ይታጠናል። «ወቀጣ»፣ «አልመጣ» እና «ወጣ» ቤት መምታታቸው አንዱ ምክንያት ነው። ዋናው ግን ሌላ ይመስለኛል። ቂጣ ሲጋገር ልጆች ምድጃውን ይከብባሉ፤ አሻሮ ሲቆላ ሽታው ጎረቤት ይጠራል። ጌሾ ሲወቀጥ ግን ድግሱ ገና ሩቅ ነው፤ ጥንስሱ እንኳ አልተጣለም። ያለው የደረቀ ቅጠል ብናኝ ብቻ ነው። አፍንጫ ያስነጥሳል፣ ጉሮሮ ላይ ሲያርፍ ይመርራል። አያቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትወቅጥ ነበር፤ እኛም ያን ዕለት ውጭ መጫወት እንመርጥ ነበር።

በዚህ አነጋገር ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ወሬውን ከመሃል ይጀምራል። ከሙቀጫው በፊት ጓሮ አለ። ጌሾ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ የሚያብረቀርቅ ቁጥቋጦ ነው። ዝም ካሉት እስከ 6 ሜትር ሊያድግ ይችላል፤ ባለጓሮ ግን እጇ በሚደርስበት ቁመት እየገረዘች ታቆየዋለች። ፍሬው መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲበስል ይጠቁራል፤ ወፎች ሳይጨርሱት ለቅሞ ዘሩን ማፍላት ያስፈልጋል። ችግኙ ክረምቱ ሲገባ ይተከላል። ከዚያ በኋላ ሥሩን መኮትኮት፣ ፍግ ማልበስ፣ ከፍየል መጠበቅ፣ ውኃ እንዳይተኛበት ማፋሰስ ነው። ቅጠሉ ሲደርስም ሙልጭ ተደርጎ አይላጭም፤ የተራቆተ ቁጥቋጦ ቶሎ አያገግምምና። ቅጠሉ ለጠላ ይሆናል፤ ለጠጅ ግን በአብዛኛው እንጨቱ ነው የሚፈለገው። በደቡብ አፍሪካ ይኸው ተክል ለአጥርና ለጌጥ ይተከላል፤ ጠላ ለማያውቅ ሰው ያ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ብቻውን ይበቃዋል ማለት ነው።

ዛሬ በከተማ ጌሾው በወፍጮ ይፈጫል፤ ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የሐበሻ መደብሮች ደግሞ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። ሙቀጫውን ያላየ ትውልድም አነጋገሩን ይጠቀምበታል። አንዳንዱ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ን በእሱ ፈንታ ሲጠቅስ እሰማለሁ፤ ቦታቸው ግን ለየቅል ነው። ድሩ ሥራው ሳይጀመር ሰው ለማስተባበር ይነገራል፤ ጌሾው ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ለመውቀስ ነው።

አያቴ ራሷ አነጋገሩን ስትጠቅስ ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤት አንድ እፍኝ ጌሾ ፈልጋ ስትመጣ እምቢ አትልም፤ ቀጥፋ ግን አትሰጥም። «ጓሮ ግቢና ራስሽ ቅጠፊ» ትላታለች፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆማ እያየች፣ «ቀስ ብለሽ! ቅርንጫፉን እንዳትሰብሪብኝ» ትላለች።