አስማሚ፦ የማይዋሃዱ ፕላስቲኮችን የሚያያይዘው ቅመም

አስማሚ የምለው ሁለት የማይዋሃዱ ፕላስቲኮች አብረው ሲቀልጡ የሚጨመረውን ነገር ነው። የፋብሪካ ስሙ ኮምፓቲቢላይዘር ነው። ብዙ ጊዜ ከድብልቁ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ይገባል። እሱ ከሌለ ከተደባለቀ ውድቅዳቂ ፕላስቲክ የተሠራ ባልዲ ሲወድቅ ይሰነጠቃል።

አንድ ሃይላንድ አንሱና እዩት። ጠርሙሱ ፔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ክዳኑ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ሌላ ፕላስቲክ ነው። ፔት የሚቀልጠው 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ፖሊኢትሊን ግን 130 ላይ ይቀልጣል። ተፈጭተው ውሃ ገንዳ ውስጥ ቢገቡ ፔቱ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። እስከዚህ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ፖሊኢትሊንንና ፖሊፕሮፒሊንን መለየት ነው፤ ሁለቱም ይንሳፈፋሉ። ሁለቱም ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሲቀልጡ ግን እንደ ዘይትና ውሃ ይለያያሉ።

ምክንያቱ የሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ትናንሽ ሞለኪውሎች እንዲቀላቀሉ የሚገፋፋቸው እንደ ልብ መበታተን መቻላቸው ነው። የፕላስቲክ ሞለኪውል ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ቀለበቶች የተያያዙበት ስለሆነ ያ ግፊት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ትንሽ አለመስማማትም ለመለያየት ትበቃለች። ኬሚስቶቹ ፖል ፍሎሪና ሞሪስ ሀጊንስ ይህን በ1940ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሒሳብ አስቀምጠውታል። ስለዚህ አንዱ ፕላስቲክ በሌላው ውስጥ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ስንጥቁም በጠብታዎቹ ዳርና ዳር ይሮጣል።

አስማሚ የሚሠራው እንደ ሳሙና ነው። አንዱ ጫፉ ከአንዱ ወገን፣ ሌላው ጫፉ ከሌላው ወገን ይስማማል። ጠብታዎቹን ያሳንሳል፣ ተመልሰው እንዳይገጣጠሙ ይከለክላል፣ ወሰኑንም ያጣብቃል። በጣም የሚደነቀው ፕላስቲኩን እያቀለጠ በሚያደባልቀው ማሽን፣ በኤክስትሩደሩ ውስጥ፣ በኬሚካል አጸፋ የሚፈጠረው ዓይነት ነው። ማሌይክ አንሃይድራይድ የሚባል ኬሚካል የተለጠፈበት ፖሊፕሮፒሊን ከናይሎን ሰንሰለት ጫፍ ጋር ተጋጥሞ ይያያዛል። ለፔት ደግሞ ግሊሲዲል ሜታክሪሌት የሚባል ኬሚካል ያለው ይመረጣል። ባለሁለት ብሎን ኤክስትሩደር ውስጥ ይህ ሁሉ የሚያልቀው በደቂቃ ወይም በሁለት ደቂቃ ነው። የኬሚካል ኩባንያው ዱፖንት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎማ ጨምሮበት ያወጣው በቀላሉ የማይሰበረው ናይሎንም በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። ፋብሪካው ጥበቡን የያዘው የድጋሚ ጥቅም ወሬ ሳይደምቅ በፊት ነበር ማለት ነው።

ለፖሊኢትሊንና ለፖሊፕሮፒሊን ይህ መንገድ አይሆንም፤ የሚያያዝ ጫፍ የላቸውም። ለዓመታት የኢትሊንና ፕሮፒሊን ጎማ ይጨመርላቸው ነበር። ስብራቱን ይቀንሳል፣ ዕቃውን ግን ያለሰልሰዋል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነጄፍሪ ኮትስና ከሚኒሶታ የነፍራንክ ቤትስ ቡድን በሳይንስ መጽሔት ላይ ሌላ መፍትሔ አወጣ። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን እየተፈራረቁ አራት ቁራጭ የሆኑበት አንድ ሰንሰለት ሠሩ። እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ ዘመዱ ስለሚሳብ ሰንሰለቱ ወሰኑን ደጋግሞ ያቋርጣል፤ ልክ እንደ ስፌት። ጥቂቱ ብቻ ተሰባሪውን ድብልቅ ጠንካራ አደረገው። ሁለቱ ፕላስቲኮች ከዓለም የፕላስቲክ ምርት ወደ ግማሽ ስለሚጠጉ ነገሩ ቀላል አይደለም። ትልቁ ጥያቄ ዋጋው ነው።

አስማሚ መለየትን ይተካል የሚሉ አሉ። በእኔ እይታ አይተካም። ቧንቧ የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ፒቪሲ፣ ፔት ውስጥ ከገባ በፔቱ ሙቀት ይበሰብስና አሲድ ይለቃል፤ ትንሽም ብትሆን ታበላሻለች፣ ይህን የሚያድን አስማሚ የለም። ድብልቁ አንዴ ከተሰፋ በኋላም ለሁለተኛ ጊዜ መለየት ይከብዳል። በእኛ አገር ጄሪካኑን ለብቻ፣ ሃይላንዱን ለብቻ የሚያደርገው ቆራሌው በዓይኑና በእጁ የሚሠራው ሥራ ከየትኛውም ቅመም ይቀድማል፤ ክብር ይገባዋል። በሌላ በኩል ብዙ ንብርብር ያለው የምግብ ማሸጊያ በእጅ አይለያይም። ለዚያ አስማሚ ያስፈልጋል።

መጠኑን የሚወስነው ሙከራ ነው። ትንሽ ናሙና ይቀረጻል፣ ይመታል፣ ይጎተታል፣ ከዚያ ይስተካከላል። ከልክ በላይ ቢጨመር ትርፉ ወሰኑ ላይ ቦታ ስለማያገኝ አንዱ ፕላስቲክ ውስጥ ለብቻው ተሰባስቦ ይቀራል፣ ገንዘቡም አብሮ ይባክናል።