የእሽቅድምድም ካርቡሬተር ምንድን ነው? በአሮጌ የጀልባ ሞተሮች ላይ እውነተኛውን መለየትና ማደስ

ካርቡሬተር አየርንና ነዳጅን አመጣጥኖ ለሞተር የሚያቀርብ ዕቃ ነው። የድሮ ቮልስዋገን የኋላ ክዳን ከፍቶ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ከጀልባ ጀርባ በሚታሰሩት የውድድር ሞተሮች ላይ ያለውም ሥራው ይኸው ነው፤ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ተራው ካርቡሬተር በብርድ ማስነሳት፣ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር እንዳይጠፋ መጠበቅና ነዳጅ መቆጠብ አለበት። የውድድሩ ካርቡሬተር ከእነዚህ አብዛኛውን ትቶ በአንድ ነገር ላይ ብቻ ያተኩራል፦ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ብዙ አየር ማስገባት።

አሠራሩ ቀላል ነው። አየር በመሐሉ በጠበበ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥንም ግፊቱ ይቀንሳል። በታችኛው ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ነዳጅ ግን በተለመደው የአየር ግፊት ሥር ስለሆነ ወደ ጉሮሮው ይገፋል። ጉሮሮው ቬንቱሪ የተባለው በኢጣሊያዊው የፊዚክስ ሊቅ በጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ (እ.ኤ.አ. 1746–1822) ስም ነው። ነዳጁ የሚያልፍባት በትክክል የተለካ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የናስ ቡሎን ደግሞ ጄት ትባላለች። ቬንቱሪው የአየሩን፣ ጄቷ የነዳጁን ልክ ይወስናሉ።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጆንሰን፣ በ1950ዎቹ ደግሞ የካርል ኪክሄፈር መርኩሪ የውድድር ሞተሮች ስም ነበራቸው። በመርኩሪ ሞዴሎች መጨረሻ ላይ የምትገኘው ኤች የእሽቅድምድም ሥሪትን ታመለክታለች፤ ማርክ 20ኤች የሚባለው ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር፣ መጠኑ 20 ኪዩቢክ ኢንች (330 ሲሲ ገደማ)፣ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሰብሳቢዎች ዛሬ የሚፈልጉት እነዚህን ሞተሮች ከነኦሪጅናል ካርቡሬተራቸው ነው። ችግሩ ካርቡሬተር በጥቂት ቡሎኖች የሚፈታ ዕቃ መሆኑ ነው። በውድድር ቦታ ካንዱ ሞተር ወደ ሌላው ሲዛወር ኖሯል፣ የሞዴል ሰሌዳውም ብዙ ጊዜ ወድቋል።

ስለዚህ በውጭ መልኩ መፍረድ አያዋጣም። ለዓሣ አጥማጅ ሞተርና ለውድድር ሞተር አንድ ዓይነት ቀፎ (የካርቡሬተሩ አካል) ሊቀርብ ይችላል፤ ልዩነቱ የሚገኘው በውስጥ ነው። ቁጥሩን ቀፎው ላይ ፈልጉ፣ ግን በእሱ ብቻ አትርኩ። ቬንቱሪውን በጠባቡ ቦታ በካሊፐር ለኩ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት ለኩ፣ ከዚያ ከፋብሪካው የመለዋወጫ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ። ቁጥሩና ልኬቱ ሲጣሉ እኔ የማምነው ልኬቱን ነው።

ልኬቱም ቢሆን የሚያደናግርበት ቦታ አለ፦ ጄቷ። የጄቷ ቀዳዳ ከፋብሪካው ልክ ሰፍቶ ሲገኝ ብዙ ሰው «ተበላሽታለች» ብሎ ይጥላታል። ይህን ውሳኔ ቸኩሎ የሚወስን ሰው የሞተሩን ታሪክ አብሮ ሊጥል ይችላል። ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል በክብደት 14.7 እጥፍ አየር ሲፈልግ፣ ሜታኖል የተባለው የአልኮል ነዳጅ 6.4 እጥፍ ያህል ይበቃዋል። ለዚያው አየር እንግዲህ ከእጥፍ በላይ ሜታኖል መግባት አለበት ማለት ነው። የቀዳዳ ስፋት በዲያሜትሩ ካሬ ስለሚያድግ፣ ዲያሜትሩን በግማሽ ያህል ማስፋት ለዚህ ይበቃል። ስለዚህ አንድ ተኩል ጊዜ የሰፋች ጄት የተበላሸች ሳትሆን በአልኮል የተወዳደረች ልትሆን ትችላለች።

ይህን ለማጣራት ካርቡሬተሩ ከመታጠቡ በፊት ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። ሜታኖል ውኃ ከአየር ይስባል፣ አልሙኒየምንም ያጠቃል፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ይተዋል። ሞተሩን ለማለስለስ ነዳጁ ውስጥ ከሚጨመሩት ዘይቶች የማዕድን ዘይት ከሜታኖል ጋር አይዋሃድም፣ የጉሎ ዘይት ግን ይዋሃዳል፤ ለዚህ ነው የአልኮል ተወዳዳሪዎች ጉሎን የመረጡት። የጉሎ ዘይት ሲያረጅ እንደ ቫርኒሽ የደረቀ ቡናማ ቅባት ይሆናል። ነጩ ዱቄትና ቡናማው ቅባት አንድ ላይ ከተገኙ የሰፋችው ጄት ነገር ትርጉም ያገኛል። ማጽጃ ውስጥ ቀድሞ የከተተ ሰው ይህንን ማስረጃ አጥቦ ጨርሷል። ፎቶ ማንሳት ምንም አያስከፍልም።

ማደሱ ራሱ ትዕግሥት እንጂ ብዙ ጥበብ አይፈልግም። ቀዳዳዎችን በሽቦ አትኮርኩሩ፤ ናስ ለስላሳ ስለሆነ የተለካውን ልክ ታጠፋላችሁ። ማሟሟትና በአየር መንፋት ይሻላል። ልክን ለማረጋገጥ የሚስማማውን የትራፓኖ ፑንታ በእጅ አስገብቶ መፈተሽ ይቻላል፣ ሳያዞሩ። ከሞተሩ ጋር የሚገጣጠመው ፊት ከተጣመመ፣ የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ዘርግቶ ቀስ ብሎ ማስተካከል ይገባል። የስሮትሉ (አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋው ክዳን) ዘንግ ማረፊያ ከሰፋም እንዲሁ መጠገን አለበት፤ ከሁለቱም በሚገባው ትርፍ አየር የተነሳ ድብልቁ ይሳሳል (ነዳጁ ያንሳል)፣ የተሳሳ ድብልቅ ደግሞ በሙሉ ፍጥነት ፒስተን ያቃጥላል።

በማጠራቀሚያው ውስጥ የነዳጁን ከፍታ የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ ከቡሽ የተሠራ ከሆነ ሽፋኑን ማየት ያስፈልጋል። ድሮ ብዙዎቹ ሼላክ በተባለ ቫርኒሽ ይቀቡ ነበር፣ ሼላክ ደግሞ ኢታኖል በተባለው አልኮል ይሟሟል፤ የዛሬው ቤንዚን በብዙ አገር ኢታኖል የተቀላቀለበት ነው። ቡሹ ነዳጅ ከጠጣ ይከብዳል፣ የነዳጁን መግቢያ የሚዘጋው መርፌም አይዘጋም፣ ጉሮሮው ይጥለቀለቃል። ተንሳፋፊውን አልኮል በማያሟሟው ሽፋን መቀባት ቀላል ነገር ነው።

አንድ በሽታ ግን መድኃኒት የለውም። ከዚንክ የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ ቀፎዎች ውስጥ ትንሽ እርሳስ ገብቶ እንደሆነ ብረቱ ከውስጥ ይበላል፦ ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል፣ በመጨረሻም ይፈርሳል። ንጹሕ ዚንክ የሚጠቀመው ዛማክ የተባለው ቅይጥ እ.ኤ.አ. በ1929 ከመጣ በኋላ ነገሩ ተሻሽሏል። ያበጠ ቀፎ ላይ የስሮትሉ ዘንግ ተጣብቆ አልዞር ይላል፤ ያንን በኃይል ማስለቀቅ የሚሞክር ሰው ሁለት ቁራጭ ይዞ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ለማሳያ ማስቀመጥ ይሻላል።